ሙዳሲር ሆሞሻ የገባ ዕለት

ፒክአፑ የአሶሳን አስፋልት ጨርሶ ወደ ሆሞሻ የሚወስደው ኮረኮንች ላይ ሲገባ፣ እስከዳር ጭኗ ላይ ያለውን የጣውላ ሳጥን በሁለት እጇ እቅፍ አደረገችው።

«ጃለታ፣ ቀስ በል እንጂ! ሽማግሌ ይዘናል እኮ» አለች።

ሾፌሩ ጃለታ በመስታወቱ ወደ ኋላ አያት። «የትኛውን ሽማግሌ? ከአጠገቤ ያለውን ነው ወይስ ሳጥን ውስጥ ያለውን?»

ከአጠገቡ የተቀመጠው ጋሽ ለገሰ በመስኮት ወደ ማንጎ ዛፎቹ እያየ ነበር። መልሱ ግን ከኋላ፣ ከሳጥኑ ውስጥ የመጣ መሰለ።

«ጃለታ፣ አንተ መንዳት ማን አስተማረ? አህያ ካንተ ይሻላል። አህያ ጉድጓድ ካየ ይቆማል፣ ያስባል። አንተ አያስብም!»

ወፍራምና ዘገምተኛ ድምፅ ነው። አማርኛው የሆሞሻና የኩርሙክ ሰው ገበያ ላይ የሚናገረው፣ ወንዱንና ሴቷን ብዙ የማይለይ፣ ግን ለማንም የሚገባ አማርኛ ነው። ጃለታ መሪውን እንደያዘ እስኪያስለው ሳቀ። እስከዳርም ሳቀች፤ የአሶሳ ሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ባለሙያ ስለሆነች ይህን ድምፅ በየሳምንቱ በጆሮ ማዳመጫ ትሰማዋለች፣ አሁንም ያስቃታል። ከጎኗ የተቀመጠው ቴዎ ግን አልሳቀም። እሱ የሚያየው ሳጥኑን ሳይሆን በውጪው መስታወት የሚታየውን የጋሽ ለገሰን አፍ ነበር።

«አሁንም ተንቀሳቀሰ» አለ።

«ምኑ?» አለ ጋሽ ለገሰ በራሱ ድምፅ፣ በቀጭኑ የወሎ ድምፅ።

«ከንፈርዎ።»



ዘመኑ የሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ድግስ አልፎ ብዙም ያልቆየበት ነበር። በገጠሩ ስልክ ያለው ቀበሌው ነው፤ ሬዲዮ ግን በየቤቱ አለ፣ የድንጋይ ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ እየተሰጣ ያገለግላል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የአማርኛ ፊልም ሊያይ ሰው በየሲኒማ ቤቱ ደጃፍ የሚጋፋበት፣ ካሜራ ያንጠለጠለ ሁሉ ዳይሬክተር የሚባልበት ጊዜ ነው። ቴዎ ከእነዚያ አንዱ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው እንጂ። አሶሳ የሚያስተምር ጓደኛው ለእረፍት ሲመጣ ሁለት ሽማግሎች የሚነታረኩበት ካሴት አሰማው፤ እየሳቀ ሰምቶ ሲጨርስ «ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው» ቢለው አላምን አለ። ባመነ ሰሞን ካሜራውን ይዞ አሶሳ ወረደ።

ያ አንድ ሰው ለገሰ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከሐይቅ አካባቢ ተነቅሎ በሰፈራ ሲመጣ ሠላሳ ሊሞላው የደረሰ ጎልማሳ ነበር። በሰፈራ ጣቢያው ስብሰባ ላይ ጓድ ካድሬው ስለ ወል እርሻ ሲናገሩ፣ ከእህል መጋዘኑ ጀርባ አንድ ሽማግሌ «እውነት ነው ጓድ፤ ምሳስ መቼ ነው?» እያለ ያቋርጣቸዋል። መጋዘኑ ይፈተሻል፣ ሰው የለም። ለገሰ ከፊት ረድፍ ላይ አገጩን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ አፉን ገጥሞ ተቀምጧል። ጓድ ካድሬው ነገሩን ሲደርሱበት ሊያስሩት ከጅለው ሳቃቸው ስለቀደማቸው የኪነት ቡድን ውስጥ አስገቡት። ሙዳሲር የተወለደው ያኔ ነው፤ ራሱ ቅል፣ ክንዱ ቀርቀሃ፣ ልብሱ ነጭ ጀላቢያ የሆነ አሻንጉሊት። አነጋገሩን ለገሰ የወሰደው በዚያ ክፉ ዘመን ለሰፋሪዎቹ የማሽላ ዘር እያመጡ ይሰጡ ከነበሩት የበርታ ገበሬዎች ነው። መንግሥት ሲለወጥ የኪነት ቡድኑ ፈረሰ፤ ሙዳሲር ግን በየትምህርት ቤቱ መድረክ ሲዞር ቆየና ሬዲዮ ጣቢያው ሲከፈት ከጌታው ጋር አብሮ ተቀጠረ።

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የዚህ ሙያ ጥበቡ ሁሉ ከንፈርን አለማንቀሳቀስ ነው፤ በሬዲዮ ደግሞ ከንፈር የሚያይ የለም። ለገሰ መጀመሪያ ሰሞን ስቱዲዮ ውስጥም አፉን ገጥሞ ይናገር ነበር። እያደር ማን ያየኛል ብሎ ተወው። ከመስታወቱ ወዲህ የምታየው እስከዳር ብቻ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ደንታ አልነበራትም። እንዲህ እንዲህ እያለ በመድረክ ሰውን ሁሉ ያስደነቀው ከንፈር በሬዲዮ ሰነፈ።

ሌላም ነገር ነበር። እሁድ ከምሳ በኋላ በሚተላለፈው ዝግጅት ለገሰ አድማጮች የላኩትን ጭቅጭቅ ያነባል፤ ሙዳሲር በለገሰ ላይ እየቀለደ ይፈርዳል። ሰው ፍርዱን ወደደው። ከሸርቆሌ ማር፣ ከመንጌ ቆብ፣ ከኩርሙክ ከርከዴ «ለአሚ ሙዳሲር» እየተባለ ይላክ ጀመር፤ አሚ ማለት በዚያ አገር ታላቅን ሰው አጎቴ እንደ ማለት ነው። ጣቢያው ውስጥ ከርከዴውን እየጠጡ ሳቁ። ሙዳሲር ቅል ነው ያለም፣ ሰው ነው ብሎ የዋሸም አልነበረም፤ የጠየቀ ስላልነበረ።

ኦመር የሚባሉ የሆሞሻ ሽማግሌ ከቀበሌው ስልክ የደወሉት በዚህ መካከል ነው። ሁለት ጎረቤታም ሴቶች በአንድ የማንጎ ዛፍ ከተጣሉ ሰነበቱ። ቀበሌውንም ሽማግሌውንም አንሰማም ብለዋል። ሙዳሲር ከፈረደ ግን ሁለቱም ሊቀበሉ ምለዋል። ካራማ የሚሉት የምስጋና በግ ይታረዳል፣ ምሳው ይደገሳል፤ እባካችሁ ሙዳሲርን ይዛችሁልን ኑ።

ቴዎ ይህን ሲሰማ ተቀምጦ ከነበረበት ተነሳ። ፊልሙን አገኘው።

«ጋሼ፣ እኔ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው» አለ አሁን፣ ፒክአፑ አንዲት ደረቅ ወንዝ ሲሻገር። «አስቀድመው አይንገሯቸው። ይሰብሰቡ፣ ይጠብቁ፣ ካሜራው ፊታቸው ላይ ይሁን። ከዚያ ሳጥኑ ይከፈት። ያን ፊታቸውን አንዴ ካነሳሁልዎት አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ስምዎ ተሰቅሎ ያዩታል።»

ጋሽ ለገሰ ስሙ ተሰቅሎ ማየት እንደሚፈልግ እስከዳር ታውቃለች። ድምፁን አገር ያውቀዋል፤ አሶሳ ገበያ ውስጥ ግን ቲማቲም ሲመርጥ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ የገዛ ዝግጅቱን እያዳመጠ የሚስቅ ሾፌር «አባቴ፣ ትንሽ ዝም በሉ፣ ሙዳሲር እየተናገረ ነው» እንዳለው እየሳቀ ነግሯታል፤ ሳቁ ግን ቶሎ ነበር ያለቀው።

«ለሽማግሌው ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ከነገሯቸውማ ፊልሙ ሞተ!»

«ሰው ምሳ ደግሶ ጠርቶኝ አደባባይ ላዋርደው ነው? አይሆንም።»

«እሺ፣ ነገሯቸው እንበል። ተናደው ተመለሱ ቢሉን?»

«ይበሉን» አለ ጋሽ ለገሰ። ግን እጁ ጉልበቱ ላይ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲጨበጥ እስከዳር አየች። ሁለቱ ሴቶች የማሉት በሙዳሲር ነው። ሙዳሲር ቅል ሆኖ ከተገኘ መሐላውም ከቅሉ ጋር ገደል መግባቱ ነው፤ እሁድ እሁድ የሚሰማውም ሰው ተታለልኩ ብሎ ሬዲዮውን ሊዘጋ ይችላል። በአንድ ከሰዓት የሰው ሁሉ እምነት ሊፈርስ ነው ብላ ፈራች። እሷም የጆሮ ማዳመጫዋን ከአንገቷ አውልቃ መልሳ አጠለቀችው።

ሆሞሻ ሲደርሱ ዙምባራው ቀድሞ ተሰማ። ረጃጅም የቅል ጥሩንባ የያዙ ሰዎች መንገድ ዳር ተሰልፈው አንዱ ሲያቆም አንዱ እየተቀበለ ይነፋሉ። ፒክአፑ ሲቆም ኦመር እጃቸውን ዘርግተው ወጡ። ነጭ ጀላቢያቸው በካውያ የተተኮሰ፣ ሽበታቸው የተከረከመ፣ ደስታቸው ከፊታቸው የሚነበብ ሽማግሌ ናቸው። የወረዱትን አንድ በአንድ አዩ። ጋሽ ለገሰን ቀጭን ሆኖ አገኙት፤ ቴዎን ልጅ ሆኖ አገኙት። ከዚያ ሆዱን እየነፋ የወረደውን ጃለታን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«አሚ ሙዳሲር!» ብለው አንገቱን አቀፉት። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ዙምባራው ደመቀ።

«ማሎ፣ ኧረ እኔ አይደለሁም!» አለ ጃለታ፣ ከእቅፋቸው ለመውጣት እየታገለ። «እኔ የባምባሲ ሾፌር ነኝ!»

«እሱ ሁልጊዜ ቀልድ ያውቃል!» አሉ ኦመር ለሕዝቡ፤ ሕዝቡም ሳቀ። ቴዎ ካሜራውን ለማውጣት ሲጣደፍ መያዣውን መሬት ጣለው።

ጋሽ ለገሰ የኦመርን ክንድ ያዘ። «አባቴ፣ ከማንም በፊት ለእርስዎ የምነግርዎት አለኝ። ቤትዎ ያስገቡን» አለ። እስከዳርን በዓይኑ ጠራት፤ ሳጥኑን ይዛ ተከተለች። ቴዎ ሊከተል ሲል የቀርቀሃው በር ፊቱ ላይ ተዘጋ።

ቤቱ ውስጥ ቀዝቀዝ ያለ ነበር። ጋሽ ለገሰ ሳጥኑን ከፍቶ ሙዳሲርን አወጣና በሽማግሌው ፊት አስቀመጠው። ቆቡ ትንሽ ዘመም ብሎ ነበር፤ አስተካከለለት።

«ይኸውና እሱ ነው» አለ። «ከዚህ ሌላ ሙዳሲር የለም። የምናገርለት እኔ ነኝ።»

ኦመር ቅሉን አዩ፣ ለገሰን አዩ፣ እንደገና ቅሉን አዩ። እስከዳር ቁጣ ጠበቀች። ሽማግሌው ግን ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ያ ረቢ፣ ጠፋሁ!» አሉ። «እኔ እኮ ለሰው ሁሉ ኩርሙክ ገበያ ላይ አገኘሁት ብዬ ነግሬያለሁ! አብረን ሻይ ጠጣን ብያለሁ! በእናቴ በኩል ዘመዴ ነው ብያለሁ!»

እስከዳር ሳቋን ለመዋጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጋሽ ለገሰ ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«እኔም ጠፍቻለሁ አባቴ» አለ። «ከፈለጉ አሁኑኑ ሳጥኑን ዘግቼ ታሟል ብዬ እመለሳለሁ። የሚሉኝን ነው የማደርገው።»

«ታሟል ካልክ ይድናል ብለው ይጠብቃሉ። እነዚያ ሁለቱ እስኪድን ይጣላሉ።» ኦመር ሙዳሲርን ከሳጥኑ ክዳን ላይ አነሱት። ራሱን ገለበጡ፣ ከሥሩ የተቆረጠበትን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ፣ ከዚያ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። «ይሄን ቅል ከየት አመጣህ?»

«ሰፈራ ጣቢያ ሳለሁ አንድ ዙምባራ ነፊ ሰጠኝ። የተሰነጠቀ ነበር።»

«የዙምባራ አንገት ነው» አሉ ኦመር ቀስ ብለው። «አቆራረጡ የኛ ነው። አባቴ እንዲህ ነበር የሚቆርጥ። አየህ ይሄን? በቢላ አይደለም፣ በጋለ ብረት ነው።» ፊታቸው ትንሽ በትንሽ ተመለሰ። «እንግዲህ ዘመዴ ነው ያልኩት ውሸት አይደለም።»

«ሻዩስ?» አለ ጋሽ ለገሰ።

«ሻዩ ውሸት ነው» አሉ ኦመር። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። እሱ የሚናገረውን ሁሉ፣ እሱን ሳትይዝ አንተ ብቻህን ትናገራለህ?»

ጋሽ ለገሰ አሰበ። «አልናገርም» አለ። «ሞክሬ አውቃለሁ። እኔ ግልፍተኛ ነኝ። ሚስቴን ይጠይቋት። ትዕግሥቱ እሱ ጋ ነው ያለው።»

ሽማግሌው ሙዳሲርን እንደ ሕፃን ክንዳቸው ላይ አስቀምጠው ተነሱ። «ለሕዝቡ እኔ እነግራለሁ። የዋሸሁም እኔ ነኝ፣ የጠራሁም እኔ ነኝ» አሉና በሩን ከፈቱ።

ሰው የተሰበሰበው የጠቡ መነሻ በሆነው ዛፍ ሥር ነው። ማንጎው በሁለት ግቢ መካከል ያለ የቀርቀሃ አጥር ውስጥ ቆሟል፤ አጥሩ ግንዱ ጋ ሲደርስ ይቋረጥና ከግንዱ ወዲያ ይቀጥላል። በአንዱ ወገን ሀጅራ ሰማያዊ ቶብ ለብሳ ከዘመዶቿ ጋር ተቀምጣለች፤ ባሏ የሞተባት ቀጥ ያለች ሴት ናት። በሌላው ወገን ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ሰፋሪዎች አንዷ የሆነችው የወርቅውሃ ነጠላዋን አጣፍታ ከልጆቿ ጋር አለች። ከአጥሩ አንድ ክፍል ተነቅሎ በቦታው አንገረብ፣ በገመድ የተሠራው ያገሩ አልጋ፣ ምንጣፍ ለብሶ ተዘርግቷል። ግማሹ በአንዷ ግቢ፣ ግማሹ በሌላዋ ነው። የሙዳሲር መቀመጫ ያ ነበር። ለበዓሉ ተጠርጎ የተከመረው የወደቀ ማንጎ ከወዲያ ማዶ ይሸታል።

ኦመር አሻንጉሊቱን አንገረቡ ላይ አስቀመጡና በበርታ ቋንቋ ተናገሩ። እስከዳር ማይክራፎኗን ይዛ ከየወርቅውሃ አጠገብ ቆማ ነበር። ከንግግሩ «ሙዳሲር» እና «ዙምባራ» ከማለት በቀር የገባት የለም። የወርቅውሃ ግን አገሩን ኖራበታለች።

«ቅል ነው እያሉ ነው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። «ኧረ ጉድ ነው! ሻይ አልጠጣሁም እያሉ ነው።»

ኦመር ሲጨርሱ ዙምባራ ነፊዎቹ ጥሩንባቸውን ወደ መሬት አወረዱ። ቴዎ ከካሜራው ጀርባ ጎንበስ ብሎ የፈለገውን ፊት ሊያነሳ ሞከረ፤ ፊቱ ግን የተደነቀ ፊት አልነበረም። የሐዘን ፊት ነበር። ሁለት ሽማግሎች ለመሄድ በትራቸውን አነሱ።

ሀጅራ ቆመች። «አንተ፣ ወሎ ነህ?» አለች።

«የሐይቅ ልጅ ነኝ፣ እትዬ» አለ ጋሽ ለገሰ።

«እሷም ወሎ ነው» አለች የወርቅውሃን በእጇ እያሳየች። «እኔ ሬዲዮ ስሰማ የኛ ሰው ነው ብዬ ነው። በኛ አፍ ትቀልዳለህ?»

ይህን ጥያቄ ጋሽ ለገሰ በሕይወቱ ሙሉ ሲፈራው የኖረ ይመስላል። «በእናንተ አፍ ቀልጄ አላውቅም» አለ። «የሚቀልደው እሱ ነው። የሚቀለድበት እኔ ነኝ። ሬዲዮ ትሰሚያለሽ፤ አንድ ቀን ረትቼው አውቃለሁ?»

ከሀጅራ ኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው «እውነት ነው» አለ። «ባለፈው እሁድ አህያ ነህ አለው።»

ትንሽ ሳቅ ተሰማ። በዚህ ጊዜ የወርቅውሃ ከወዲህ በኩል ብድግ አለች። «እኔስ ታዲያ ምን አገኘሁ?» አለች። «ወሎዬ ቢሆን ምን ይጠቅመኛል! እንዳለው ሁሌም የሚረታው ሙዳሲር ነው። ሙዳሲር ደግሞ የእነሱ ነው። ዛፉን ይዞብኝ መሄዱ ነው እኮ!»

ኦመር በአንዷ በኩል አዩ፣ በሌላዋ በኩል አዩ። ጢማቸውን አሻሹ። «ሀጅራ የየወርቅውሃ ሰው ነው ትላለች፣ የወርቅውሃ የሀጅራ ነው ትላለች» አሉ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሽማግሌ ስሆን ሁለቱም እኩል የፈሩት ዳኛ አላየሁም። ከዚህ የተሻለ ከየት ላምጣ? ቁጭ በሉ!»

በትር ያነሱት ሽማግሎች ተያይተው በትራቸውን አስቀመጡ። ጋሽ ለገሰ አንገረቡ ላይ ተቀምጦ እጁን በሙዳሲር ጀላቢያ ውስጥ አስገባ። እስከዳር የጆሮ ማዳመጫዋን አጠለቀች። በጆሮዋ መጀመሪያ የሰማችው ትንፋሹን ነው፤ አጭር አጭር ነበር። ከዚያ ሙዳሲር «አሰላም አለይኩም» አለ፣ ድምፁም መሃል ላይ ተሰበረ። የጋሽ ለገሰ ከንፈር እንደ ማንም ሰው ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ሁሉም አዩት። እስከዳር ዓይኗን መጨፈን ፈለገች።

«ወአለይኩም ሰላም» አሉ ኦመር ለአሻንጉሊቱ፣ ምንም እንዳልሆነ።

ትንፋሹ ረዘመ። የቅሉ ራስ ቀስ ብሎ ወደ ለገሰ ዞረ።

«ለገሰ፣ አንተ አፍንጫ የለም? ይሄ ምንድነው የሚሸት?»

«ማንጎ ነው አሚ።»

«ማንጎ እንዲህ አይሸትም።»

«የበሰበሰ ማንጎ ነው። እትዬ ሀጅራ ልትለቅም ስትመጣ እትዬ የወርቅውሃ ትጮሃለች። እትዬ የወርቅውሃ ልትለቅም ስትመጣ እትዬ ሀጅራ ትጮሃለች።»

«ታዲያ ማን በላ?»

«ትል ነዋ።»

«አሃ! ትል ብቻ አልጮኸም!» አለ ሙዳሲር። «እንግዲህ ዛፉ የትል ነው። ፍርድ አለቀ። ተነስ ለገሰ፣ ገንፎ ይቀዘቅዛል።»

ሳቁ በሁለቱም ግቢ ተነሳ። ሀጅራ ግን አልሳቀችም። እጇን ወደ አንገረቡ ዘረጋች።

«አሚ፣ ቀልድ አይደለም!» አለች።

እስከዳር የሀጅራን ዓይን ተከተለች። ዓይኗ ያለው ለገሰ ላይ አልነበረም።

«ባሌ ነው የተከለው» አለች ሀጅራ ለቅሉ። «ትንሽ ሳለ ፍየል እንዳይበላ ሌሊት ይጠብቅ ነበር። እሱ ሞተ። አንድ ቀን ከገበያ መጣሁ፣ እሷ ቅርንጫፍ ቆርጧል። እጁን የቆረጠ መሰለኝ አሚ። የሱን እጅ።» ቶቧን ወደ ፊቷ ጎተተች።

የወርቅውሃ አፏን ከፍታ ነበር፤ ዘጋችው። ቆይታ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች፣ እሷም ለቅሉ። «እኔ ማሽላዬን የማሰጣበት ላይ ጥላ ሆኖብኝ ነው እንጂ ምን ቂም አለኝ? ባሏ ታሞ አሶሳ ሐኪም ቤት ሲተኛ፣ እሷ እዚያ ስታስታምም፣ ይሄን ዛፍ በጋውን ሙሉ ከወንዝ እየቀዳሁ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ለእሷም።»

«ያንን አላውቅም» አለች ሀጅራ።

እስከዳር በጆሮ ማዳመጫዋ ውስጥ የበሰበሰው ማንጎ ላይ ያሉትን ዝንቦች ድምፅ ብቻ ትሰማለች። ጋሽ ለገሰ ሲያስብ በራሱ ፊት ላይ ምንም አይታይም ነበር፤ የሚያስበው ወደ መሬት ያጎነበሰው ቅል ነበር የሚመስለው።

«ሀጅራ ስማ» አለ ሙዳሲር በመጨረሻ። «የወርቅውሃም ስማ። በየወርቅውሃ ግቢ ያለውን ማንጎ ሀጅራ ይለቅማል። በሀጅራ ግቢ ያለውን የወርቅውሃ ይለቅማል። አጥር እዚህ ጋ ተነቅሏል፤ አይመለስ፣ በር ይሁን። የሰው ግቢ ሲገባ ዝም ተብሎ አይገባም። ሰላም ነው ይባላል፣ እንዴት አደርክ ይባላል። በየቀኑ። ቅርንጫፍ መቁረጥ ሲያስፈልግ አንዱ ብቻ አይቆርጥም፤ መጋዙን በዚያ አንድ፣ በዚህ አንድ ይይዛል። ለገሰ ደግሞ ይሄን የበሰበሰ ይሸከማል፣ ይቀብራል። በስሜ ብዙ ከርከዴ ጠጥቷል።»

«እኔ ብቻዬን?» አለ ለገሰ።

«ሾፌር ያግዛል። እሱም በስሜ ታቀፈ!»

ጃለታ በሳቅ ወገቡን ያዘ። ቴዎ ሳያስበው ዓይኑን ከካሜራው አንስቶ ነበር። በገዛ ዓይኑ ቅሉን እያየ «ትክክል ነው፣ አሚ» አለ። ከዚያ ያለው ምን እንደሆነ ገብቶት ደነገጠና ወደ ካሜራው መስኮት ተመለሰ። የጋሽ ለገሰን ከንፈር ያየ ሰው አልነበረም፤ ከንፈር ሊያይ ከአዲስ አበባ የመጣው እንኳ።

የወርቅውሃ በተነቀለው አጥር በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ ተሻገረች። «ሳልነግርሽ መቁረጤ ጥፋት ነው» አለች። ሀጅራ ትከሻዋን ይዛ ሳመቻትና አጠገቧ እንድትቀመጥ ቦታ ለቀቀችላት። ዙምባራው እንደገና ተነሳ።

ገንፎውና ሥጋው ሲቀርብ ሀጅራ የመታጠቢያውን ውሃ በኢብሪቅ ይዛ ተነሳች። በዚያ አገር የእንግዳን እጅ የሚያስታጥበው የቤቱ ባለቤት ነው። ቴዎ ካሜራውን አጥፍቶ ሳጥኑ ላይ አስቀምጦ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ተራ እየጠበቀ ነበር፤ ስለዚህ በኋላ በየሲኒማ ቤቱ የታየው ፊልም ውስጥ የሚከተለው የለም።

ሀጅራ ኦመርን፣ ጃለታን፣ እስከዳርን አስታጠበች። አንገረቡ ጋ ስትደርስ ቆመች። የሙዳሲር እጅ ቀርቀሃ ነው፤ የጋሽ ለገሰ እጅ አሁንም በጀላቢያው ውስጥ ነበር። ሰውየው አሻንጉሊቱን ሊያስቀምጥና እጁን ሊያወጣ ሲል ሀጅራ ራሷን ነቀነቀች። ራሷ ጎንበስ ብላ ሙዳሲርን ከእጁ ላይ ቀስ ብላ አወጣችውና ምንጣፉ ላይ ጥላው ሥር አስቀመጠችው። የጋሽ ለገሰ እጅ ባዶውን ቀረ፣ በላብ የራሰ፣ ጣቶቹ እንደተኮማተሩ።

«ይሄ የሱ ነው» ብላ ውሃውን አፈሰሰችለት። ታጠበ። እጁን ሊሰበስብ ሲል ያዘችው።

«ቆይ» አለች። «ያንተ ቀርቷል።»

ጋሽ ለገሰ ሁለተኛ ታጠበ። ሊያመሰግናት አፉን ከፈተ፤ በየትኛው ድምፅ እንደሚያመሰግናት ግን ጨነቀው። ዓይኑ እንባ ሞላ። ሀጅራ ኢብሪቋን ይዛ ጠበቀች፣ ጊዜ ሰጠችው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ በቀጭኑ፣ በራሱ ድምፅ። ሴትዮዋ ግን አሁንም አልሄደችም፤ ወደ ምንጣፉ ተመለከተች። ከዚያ፣ ለገሰ ከንፈሩን ገጥሞ እንባውን በክንዱ እየጠረገ ሳለ፣ ከጥላው ሥር ወፍራሙ ድምፅ «ሹክረን፣ እህቴ» አለ። እስከዳር የጋሽ ለገሰን አፍ እያየች ነበር፤ አልተንቀሳቀሰም።